መቶ አሥራ ሰባት

ሌሊት ስድስት ሰዓት፣ ቃሊቲ ዴፖ ላይ፣
የመጨረሻው ባቡር እያዛጋ ሲገባ ሳይ፣
ባልዲዬን አንስቼ፣ ጓንቴን አጥልቄ፣
እገባለሁ ውስጡ፣ መጥረጊያ ታጥቄ።

ከተማ ቀን ውሎ የሚጥለው ብዙ ነው፤
የሱፍ ገለባ ነው፣ የሎሚ ልጣጭ ነው፣
የሕፃን አንድ እግር ጫማ፣ ማሰሪያው የላላ፣
የሐኪም ቤት ራጅ፣ የሰው ጎድን ጥላ።
አንድ ጊዜ ደግሞ የሥራ ማመልከቻ፣
«ለክቡር» ይልና የቀረው መስመር ብቻ።

ራጁን ወደ አምፖሉ ዘርግቼ ሳየው፣
ስድስተኛው ጎድን መሐሉ ስንጥቅ ነው።
የማን እንደ ሆነ አላወቅሁም እስካሁን፤
ማንም ሰው ሲያስለው አያለሁ ጎኑን።

የሚሄዱት ጥቂት፣ የቆሙት ብዙ ናቸው፤
ከአጥሩ ሥር ተሰልፈው፣ ሣር በቅሎባቸው።
መለዋወጫ ጠፍቶ፣ ዶላር ጠፍቶ ነው አሉ፣
አንዱ ለአንዱ ሲባል ይገነጣጠሉ፤
ከዚህ የበር ሞተር፣ ከዚያ የፍሬን ሸራ፣
የወደቀው አካል ላልወደቀው ሲሠራ።
ጋሽ ዘርጋው ዘበኛው «እድር ነው» ይለዋል፤
«የኛው ለሞተ ነው፣ እዚህ ሟች ያዋጣል።»

ከሁሉም ዳር ያለች፣ መቶ አሥራ ሰባት ነች፤
ባትሪዋን፣ ሽቦዋን፣ ደወሏን ሰጥታለች።
የቀራት አንድ ወንበር ከመስኮቱ ጥግ፣
አቧራው ስም ያስጽፋል፣ በጣት ቢያደርጉት ጠረግ።
ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ሥራ ጋብ ሲል ለዓይኔ፣
ምሳ ዕቃዬን ይዤ እገባለሁ እኔ።
ጉልበቴን ሰብስቤ፣ ቦርሳዬን አቅፌ፣
በካርቶን ቁራጭ ላይ ትኬቴን ጽፌ፣

አቦ ማዞሪያ፣ ሳሪስ፣ ንፋስ ስልክ፣ ላንቻ፣
በአፌ እየጠራሁ፣ እየነዳሁ ብቻ።
ቢጠፋም መብራቱ የኔ ባቡር አይቆም፤
ድልድዩ ላይ ወርዶ በእግር መሄድ የለም።
መሿለኪያን አልፌ፣ ስታዲየም ታጥፌ፣
ለገሃር ስደርስ ግን
ይያዛል አፌ።

ከጣቢያው ጀርባ ነው፣ ነበረ፣ የኔ ቤት፤
አሁን ኮዬ ፈጬ፣ አምስተኛ ፎቅ፣ ያለ ሊፍት።
ሐዲድ አይደርስበትም፤ ታክሲም ሲመሽ የለ፤
ባቡር የሚሄድበት ቀን በእንቅልፌ ላይ ዋለ።
ሰባት ዓመት ሙሉ ወለሉን ስወለውል፣
አንድም ቀን ሲሄድ አልተሳፈርኩም ብል፣
ማን ያምነኛል?

ሐሙስ ለት ኢዘዲን መፍቻ ሳጥን ይዞ፣
ገባ በሩን ገፍቶ፣ በእንቅልፍ ደንዝዞ።
«እቴ ብርቅነሽ፣ ምነው በጨለማ?»
«መንገድ ላይ ነኝ» አልኩት፤ «ልገባ ከተማ።»
አልሳቀም። ቆመና፣ ካርቶኔን ተቀብሎ፣
ጥጉን ቀደደልኝ፣ እንደ ደንቡ፣ «ደህና ግቢ» ብሎ።
ከዚያ ግንባሯ ሥር ተንበርክኮ ገብቶ፣
አንድ ዐይኗን አወጣ፣ ብሎኑን ፈትቶ፤
እንደ አራስ ልጅ በጨርቅ ጠቀለለው።
«ለመቶ ስድስት ነው፤ ጠዋት ልተክለው።»
«ወንበሯስ?» አልኩት።
ዝም አለ።
«ትእዛዝ አልመጣም ገና።»
ባልዲዬን ይዤ ወጣሁ፤ ውሃው ቀዝቅዞ ነበርና።

ንጋት ላይ፣ ከፈረቃ ስወጣ፣
መቶ ስድስት ከዴፖው ደወሉን ደውሎ መጣ።
ግራ ዐይኑ ደብዛዛ፣ የራሱ፣ የቀድሞ፤
ቀኝ ዐይኑ የእሷ ነው፣ ፏ ብሎ፣ ታክሞ።
አየኝ። እምላለሁ። በአጥሩ ቀዳዳ አየኝ፤
ከጠራጊዎቹ መሐል እኔን ብቻ ለየኝ።

የኮዬ ሚኒባስ «አንድ ሰው! የሞላ!» እያለ ይጣራል፤
የትኬት መሸጫው ገና አልተከፈተም፣ ሰልፉ ግን ተሠርቷል።
ጓንቴን አወለቅሁ። ሳሙና በሚሸት እጄ
ያቺን ካርቶን ጨብጬ፣
ከሁሉም ኋላ ቆምኩ፣ ወረፋ ወድጄ።
ከፊቴ ያለው ሰው ጎኑን ደግፎ ሳለ።
ስድስተኛው፣ አልኩ በልቤ።
መስኮቱ ተከፈተ። ሰልፉ ቀጠለ።